ከቅጥር ውጭ የቆሙት

ኅዳር 9፣ አርብ

ሁሉም «የለብኝም» አሉ።

ከጠዋት ጀምረን አርብ ገበያ ዳር ድንኳን ተክለን ስንጠይቅ ዋልን። ሴቶቹ ጤፋቸውን ሸጠው፣ ጨዋቸውንና ሳሙናቸውን ሸምተው፣ አህያቸውን ለሰው አስይዘው ይገባሉ። ስንት ልጅ እንደወለዱ ይነግሩናል። ስለ ጡት እብጠትም እያንገራገሩ ይመልሳሉ። «የወር አበባዎ ከቆመ በኋላ ደም ታይቶብዎት ያውቃል?» የሚለው ጋ ስንደርስ ግን ነጠላቸው አፋቸው ላይ ይወጣል። የለብኝም። የለብኝም። አንዷ ጭራሽ ተነሥታ ወጣች፤ ዶሮዋን ረስታ ኖሮ ተመልሳ መጥታ፣ ሳታየኝ ዶሮዋን አንሥታ ሄደች።

ትዕግስት «አንቺ ብትሆኚ ለማታውቂው ሰው ትናገሪያለሽ?» አለችኝ። ትዕግስት የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለጥናቱ ተውሰናታል። አልናገርም አልኳት። እኔ ራሴ የእስቴ ልጅ ነኝ። እናቴ ሴት ልጆቿን ሁሉ ያሳደገችው የነገሩን ስም አንድም ቀን ሳትጠራ ነው።

ጥናቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሴቶች የጡትና የማኅፀን ካንሰር ሲይዛቸው ለምንድን ነው ሐኪም ፊት የሚደርሱት ከረፈደ በኋላ? አማካሪዬ ባሕር ዳር ሆኖ ቁጥር ይጠብቃል።

ባለፈው ሳምንት ወገዳ ላይ አንዲት ገና የምታጠባ ልጅ እግር ሴት ግራ ጡቷን ከፍታ አሳየችኝ። ቅቤና ቅጠል ለጥፋበታለች። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ቁስሉን በማስመሪያ ለካሁት፣ ጻፍኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ምሳ በላሁ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ጨው መብዛቱን አስታውሳለሁ፤ የልጅቱን ፊት ግን ላስታውስ ብል እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነኝ። አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም። ሥራዬን ግን እሠራለሁ።

ኅዳር 11፣ እሑድ

ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ማርያም ከትዕግስት ጋር ሄድን። እሷ ገባች። እኔ የወር አበባዬ ላይ ስለሆንኩ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከበሩ ማዶ ቀረሁ። ልጅ ሆኜም እንዲህ ነበር የምቆመው። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሐኪም ሆኜ ተመረቅኩ፣ አሁንም የምቆመው እዚያው ነው። ደግሞ ማንም አላስገደደኝም።

ከእኔ ጋር የቆሙት ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። አንዷ ገና የክርስትናው ቀን ያልደረሰ ሕፃን ታቅፋለች። ከሁሉም ራቅ ብለው፣ የወይራ ግንድ ተደግፈው የቆሙ አንዲት ባልቴት አየሁ። ፀጉራቸው ነጭ ነው። እንደ እሳቸው ያሉ ሴቶች ቦታቸው ውስጥ ነው፤ ያውም ከፊት። ጠጋ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«አንችስ ልጅ ነሽ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔን አሮጊቷን ምን አቆመኝ ትያለሽ?»

«ምን አቆመዎት?»

«ለሰው ጉልበቴ ነው እላለሁ። ደረጃው አልወጣልህ አለኝ እላለሁ።» ሳቅ አሉ። «ለአንች አልዋሽሽም፣ አንችም ውጭ ነሽና። ወጣትነቴ ተመልሶ ነው። ኸሐምሌ ወዲህ ይመጣል፣ ይሄዳል። እናቴም ‘አንዳንዷ ሴት ትታደሳለች’ ትል ነበር።»

እትየ አንጓች ይባላሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ከልጃቸው ከወለላ ጋር ይኖራሉ። የወር አበባ ያቆሙት ትንሹ ልጃቸው እረኛ ሳይሆን ነው፤ እሱ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ለቤተ ክርስቲያኗ መገበሪያ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ስንዴውን የሚለቅሙት፣ የሚፈጩት፣ ለኅብስት የሚያደርሱት። ከሐምሌ ወዲህ ትተውታል።

ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ይምጡና ልይዎት አልኳቸው። «ለማንም ካልነገርሽ» አሉ። አልናገርም አልኳቸው።

እውነቱን ልጻፍ። ስሰማቸው መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው «ጥያቄዬ እዚህ ነው ያለው» የሚል ነበር። ማዘን ከዚያ በኋላም አልመጣም።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

የሚካኤል በዓል ነው፤ አጫጅ የለም። ጤና ጣቢያው ሴት በሴት ሆነ።

ጥያቄውን ቀየርነው። ስለ ደም መጠየቅ ቀረ። «ቅጥር ውስጥ መግባት ካቆሙ ምን ያህል ጊዜ ሆነዎት?» እንላለን። ይህን መመለስ የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው መልስ ነው። «ኸፋሲካ ወዲህ አልገባሁም።» «ኸነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ወዲህ።» ከዚያ «ምነው?» ስንል ቀሪው ራሱ ይመጣል። አንዳንዷ በእርግጥ ጉልበቷ ነው። አንዳንዷ ከምእመን ተጣልታ ነው። አንዲት ሴት ግን ጨርቅ አውጥታ አሳየችን።

ትዕግስት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ለአማካሪዬ ደወልኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ «ግሩም ነው! ይህን በዘዴው ክፍል ጻፊው» አለኝ። እሺ አልኩ። ምሳ ጎመን በላን። ጥሩ ቀን ነበር ማለት አለብኝ።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ

እትየ አንጓች መጡ። ከሰው ቀድመው፣ በጠዋት፣ በጓሮ በኩል።

መመርመሪያው አልጋ ላይ ሲወጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ጀመሩ። ትዕግስት መብራቱን ያዘች። የማኅፀን አፋቸው ንጹሕ ነው። ደሙ የሚመጣው ከውስጥ፣ ከራሱ ከማኅፀኑ ነው። ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚወርድ። ትዕግስት አየችኝ፣ አየኋት። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነው።

የማኅፀን ውስጥ ካንሰር ደግነቱ (ደግነት ከተባለ) ቶሎ መድማቱ ነው። ገና ከማኅፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ ማኅፀኑ በቀዶ ጥገና ይወጣና ብዙ ጊዜ እዚያው ያበቃል። ከወጣ ግን እዚህ አገር ማንም ብዙ ሊያደርግላቸው አይችልም። እሳቸው ከሐምሌ ጀምሮ እየደሙ ነው። አሁን ኅዳር ነው።

ይህን በሚገባቸው ቋንቋ ነገርኳቸው። መታደስ አይደለም፤ በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ ባሕር ዳር ይታዩ፤ ዛሬ ነገ አይበሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ጤፉ ይነሣና» አሉ። ጤፉን ተዉት አልኩ። «እሽ፣ ኅዳር ጽዮን ትለፍና። ማርያምን አንግሸ ልሂድ።» ከጽዮን በማግሥቱ ሐሙስ፣ በጠዋቱ መኪና አብረን እንድንሄድ ተስማማን። ሪፈሩን ጻፍኩላቸው። አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ወለላም እንዳትሰማ» አሉኝ ሲወጡ። «ስሄድ እነግራታለሁ።»

ኅዳር 16፣ አርብ

ጾመ ነቢያት ትናንት ገብቷል። ገበያው ላይ ቅቤ አልነበረም፤ ሰዉ ሽምብራና ተልባ ነው የያዘው።

አዲሱ ጥያቄ በየቀኑ ሰው ያመጣልናል። አማካሪዬ በቀን ሁለቴ ይደውላል። እኔም ልቤ አበጠ መሰለኝ። እንዲህ አሰብኩ፤ አንድ በአንድ ከምንለቅም፣ ከቅጥር ውጭ የሚቆሙት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጠሩስ? የሚጠራቸው ደግሞ የሚያምኑት ሰው ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ ወደ ቄስ ውበቱ ቤት ሄድኩ። የማርያም አገልጋይ ናቸው፤ የቀበሌው ግማሹ የንስሐ ልጃቸው ነው። ልጅ ሆነው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ ዛሬም ሲናገሩ ዜማ ዜማ የሚል ድምፅ አላቸው። ስለ በሽታው ከነገርኳቸው በኋላ «ስንቷን ቀበርሁ፣ ምን እንደበላት ሳላውቅ» አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲያውጁልኝ ለመንኳቸው። ዓይናቸው በራ። «አንች በምድር፣ እኛ በሰማይ፣ ልጀ» አሉና ምን ምን ማለት እንዳለባቸው አብረን አሰናዳን።

ስመለስ የመንገዱን ርዝመት ሳላስተውል ቀለል ብሎኝ ሄድኩ። ጎበዝ ነኝ አልኩ ለራሴ።

ኅዳር 18፣ እሑድ

ዛሬ ውጭ የቆምኩት ለመስማት ነው። ቁጥራችን ብዙ ነበር። እትየ አንጓች ወይራው ሥር ነበሩ፤ ከሩቅ አንገታቸውን ደፋ አድርገው ሰላም አሉኝ።

ቅዳሴው አለቀ። ቄስ ውበቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከቅጥር ውጭ የምትቆሙ እናቶች ሆይ፣ ተደብቃችሁ አትሙቱብን! ደም የማይቆምላችሁ ካላችሁ ሐኪም መጥታለች። ሕመም ነው፣ ነውር አይደለም።»

ጥሩ ንግግር ነበር። ግማሹ የእኔ ነው።

ያኔ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ዞሮ አየን። ክፋት የለበትም፤ ሰው ስለ በሩ ሲወራ በሩን ያያል። ወንዱም ሴቱም፣ አማቹም ምራቱም በቅጥሩ በር አሻግሮ ማን ማን እንደቆመ አየ። እስከ ዛሬ ውጭ መቆም ምንም አይናገርም ነበር። ያልጾመም ይቆማል፣ አራስም ይቆማል፣ ከባሏ ጋር ያደረችም ትቆማለች፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። በዚያች ደቂቃ ግን መቆሙ ራሱ ‘የምደማ ነኝ’ ማለት ሆነ።

እትየ አንጓች ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው አወረዱት። ከዚያ ቁልቁል፣ በእርሻው መሐል፣ በመንገዱ ሳይሆን በታጨደው ጤፍ ላይ ሄዱ። ጉልበታቸው ምንም ሕመም አልነበረበትም። ሰዉ ሁሉ ይህንም አየ።

ስማቸውን ለማንም አልተናገርኩም። መናገር አላስፈለገኝም።

ኅዳር 19፣ ሰኞ

ጤና ጣቢያ የመጣች ሴት የለችም። አንድ ሰው መጣ፤ እግሩን ማጭድ የቆረጠው ጎልማሳ ነው።

ትዕግስት መዝገቡን ዘግታ ወደ ማዋለጃ ክፍሏ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

ጽዮን። ሕዝቡ ከየአቅጣጫው እንደ ጎርፍ መጣ። ታቦቱ ወጣ፣ ዝማሬው፣ እልልታው፣ ከበሮው፣ ሁሉም ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ግን ማንም አልቆመም። ወይራው ሥር አንድ ውሻ ተኝቷል።

ሴቶቹ ቤታቸው ቀሩ ማለት ነው። ወይም ደግሞ የማይገባቸው ገቡ፤ የሚፈሩትን ፈርተው፣ እኔን ደግሞ ከዚያ በላይ ፈርተው። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ብቻዬን ውጭ ቆምኩ። የወር አበባዬ ካለፈ ቆይቷል፤ መግባት እችል ነበር። አልገባሁም።

ማዘን እንዳለብኝ አውቃለሁ። ደረቴ ውስጥ ያለው ግን ባዶ ጆንያ ነው።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ

በጠዋት መናኸሪያ ደረስኩ። መኪናው ሞላ፣ ጥሩምባውን ነፋ፣ ሄደ። እትየ አንጓች አልመጡም።

ወደ ቤታቸው ወረድኩ። ወለላ አውድማ ላይ ነበረች፤ መንሿን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፣ ነይ ግቢ አላለችኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንደዚህ ያለ ነገር በዚህ አገር ያየሁት።

«እናቴ የለችም» አለች። «እሑድ ማታውን ነው የሄደች። ሰው ‘መገበሪያውን ያረከሰች እሷ ናት’ ሲላት ምን ትሁን?»

«ማን ነው ያለው?»

«ማን ያላለ አለ?»

ወዴት እንደሄዱ አልነግርሽም አለች። በሽታው ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚያስፈራ፣ ቶሎ ከታከሙ ግን ሊድኑ እንደሚችሉ ነገርኳት። ለእናቷ የገባሁትን ቃል በዚህ አፈረስኩ። ወለላ መንሹን መሬት ላይ ተከለችው። ጠበል ናት አለች በመጨረሻ። ከገደሉ ሥር ያለው ጠበል። ሱባኤ ይዛለች፣ አትወጣም።

ኅዳር 23፣ አርብ

ቄስ ውበቱ ቤት ስደርስ ነገሩን ሁሉ ሰምተውት ነበር። መገበሪያው ረከሰ የሚለው ወሬ እሳቸው ጆሮም ገብቷል። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት አባ» አልኳቸው።

«አዋጁ በማን አፍ ወጣ? በእኔ አይደለም?» ቁጣቸው ለማን እንደሆነ አልገባኝም። «ጥፋቱን በኋላ እንካፈለዋለን፣ ልጀ። መንገድ ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኩ። ጫማ ቀይሬ፣ ዳቦ ቆሎ ይዤ ተከተልኳቸው። ቁልቁለቱ አድክሞኝ ሁለት ጊዜ ቁጭ አልኩ። እሳቸው እየቆሙ ጠበቁኝ፤ ቁጭ አላሉም።

ጠበሉ ጋ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። እትየ አንጓች ከአንዲት የሣር ጎጆ ደጃፍ በትንሽ ቁርበት ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ከስቷል፤ ከንፈራቸው ነጭ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ፊት እንዲህ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በልቤ የደም ማነሱን መጠን ገመትኩ። ይኸው ነው እኔ። ቄሱን ሲያዩ ሊነሡ ሞከሩ። «ይፍቱኝ አባ» አሉ። እኔን አላዩኝም።

ቄስ ውበቱ እጃቸውን ወደ እኔ አወናጨፉ። ሂጂ ማለታቸው ነው። ውኃው ጋ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የሁለቱም ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይሰማኝም። የእትየ አንጓች ለቅሶ ግን ተሰማኝ።

ኅዳር 24፣ ቅዳሜ

ጠበሉ ጋ፣ ምእመናን በሚያድሩበት አዳራሽ አደርን። ጠዋት እትየ አንጓች በበቅሎ ሲወጡ እኔ ከጎናቸው ተራመድኩ። ዳገቱን አጋመስን። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ተናገሩ።

የመጀመሪያው ደም የመጣው መገበሪያውን ኅብስት ከሚጋገርበት ቤት አድርሰው ሲመለሱ፣ ገና ቅጥር ውስጥ እያሉ ነው። ለማንም አልተናገሩም። ያን ቀን የተቆረበው በእሳቸው ዱቄት ነው። ከዚያ ወዲህ ደሙ ቅጣት እንጂ ሌላ ነገር አይደለም ብለው ነው የኖሩት። ለእኔ ‘ታደስሁ’ ያሉኝ ለወጉ ነው። ሕክምና ብዬ ስነግራቸውም በልባቸው ‘እግዜር የቀጣውን ሰው ሐኪም ምን ያደርግለታል?’ ብለው ነበር። ጽዮን ትለፍ ያሉት ለዚያ ነው። ማርያም ትማረኝ እንደሆነ ልይ ብለው ነው።

«ትናንት ሁሉን ነገርኋቸው ለአባ» አሉ። «ሳላውቅ የሆነ ነውና ተፈታሁ። ግን ቀኖና ሰጡኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«ስግደት ሰባት መቶም ቢሉ እችል ነበር።» ቆም አሉ። «‘ቀኖናሽ ባሕር ዳር ነው’ አሉኝ። ‘ሐኪም ያለሽን ሁሉ ታደርጊያለሽ፣ አንዱንም ሳታጎድይ። ጠበሉንም በጠርሙስ ይዘሽ ሂጅ’ አሉኝ። ቀኖና ነው፣ እንግዲህ ምን አባቴ ላርግ?»

ከፊት የሚሄዱት ቄስ ውበቱ ዞር ብለው አላዩንም። ደርሼባቸው ነገ እሑድ ምን ሊሉ እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። «ስለ በር አላነሣም» አሉ። «ስለ መገበሪያው ግን አነሣለሁ። ያን ዱቄት ማንም እንዳላረከሰው እኔው እመሰክራለሁ፤ ቀድሸበታለሁና።»

ኅዳር 26፣ ሰኞ

ባሕር ዳር። ወለላም መጥታለች። መንገድ ላይ እናቷ እንዳይንገላቱ ጭንቅላታቸውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ይዛ ነው የመጣችው። ለእኔ እስከ አሁን ከ‘እሽ’ና ከ‘እንቢ’ ሌላ ቃል አልሰጠችኝም።

የማኅፀን ሐኪሙ ወጣት ነው። አልትራሳውንዱን አዙሮ አሳየኝ። የማኅፀኑ ውስጠኛ ግድግዳ ወፍሯል፤ ወደ ውጭ የወጣ ግን አይታይም። «አይታይም ማለት የለም ማለት አይደለም» አለኝ፣ እንደማላውቅ። ደም ይሰጣቸዋል፤ ከነገ ወዲያ ቀዶ ጥገናው ይሠራል።

እንደሚድኑ ተስፋ አደርጋለሁ ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነት ተስፋ ማድረጌን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። እፈልጋለሁ፤ እሱ እርግጥ ነው።

ኅዳር 28፣ ረቡዕ

ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት አስጠሩኝ። በነጩ ጋውን ውስጥ ትንሽ ሆነዋል። አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ ነርሷ ልትፈታው ስትል አሻፈረኝ ብለው፣ በፕላስተር ተለጥፎላቸዋል።

«ታወጡታላችሁ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትየ።»

«ኸዚያስ? የት ትጥሉታላችሁ?»

ሕመሙን ጠይቀው ቢሆን፣ መዳንን ጠይቀው ቢሆን መልስ ነበረኝ። ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ ይመረመራል፣ በሽታው የት ድረስ እንደሄደ የሚታወቀው በሱ ነው አልኳቸው። ለጥናቴም እንደሚጠቅም ነገርኳቸው፤ ይህን መደበቅ አልፈለግኩም።

«ይመርመር» አሉ። «ሰባት ነፍስ ያደረበት ቤት ነው። ውሻ እንዳይጎትተው። ኸሌላ ሰው ጋርም እንዳትቀላቅሉት።»

እሺ አልኳቸው።

«ማይልኝ።»

ማልኩ። እኔ፣ በልጅነቴ ‘ማርያምን’ ስል እናቴ አፌን የምትመታኝ፣ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ በማርያም ማልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጣ። ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ «ዙሪያው ንጹሕ ይመስላል» አለ። ይመስላል። ወለላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ያዘችኝ። እጇ የማጭድ ጠባሳ የሞላው፣ ሻካራ ነው። አልለቀቀችኝም፤ እኔም አልጎተትኩም።

ኅዳር 30፣ አርብ

ምርመራው የሚሠራው ጎንደር ነው። የሚወስደው ሰው አምጡ ሲሉ እኔ አልኩ። ክዳኑ የጠበቀ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ፎርማሊን ሞልቶበታል። በራሴ ነጠላ ጠቀለልኩት። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ «እላይ ይጫን፣ ቦታ ይይዛል» አለኝ፤ እንቢ አልኩ። ጭኔ ላይ አድርጌ፣ በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ወረታ ላይ ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት «ማር ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። የሰው አደራ ነው አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ኩርባው በመጣ ቁጥር እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው ይደግፉልኝ ነበር።

ላቦራቶሪው ተቀበለኝ። የጥናቱ ሕግ ቁጥር ብቻ ይጻፍ ይላል። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ከሥሩ ስማቸውንም ጻፍኩ። ከምርመራ የተረፈው ለእኔ እንዲመለስ ጠየቅኩ። ባለሙያዋ እንደ እብድ አየችኝና «ለቀብር ነው?» አለች። አዎ አልኳት። ትንሽ አስባ፣ «ይመለሳል» አለች፤ ማስታወሻ አድርጋ ለጠፈችበት። ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ አልነገረችኝም።

ወጥቼ ደረጃው ላይ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። የወለላ ስልክ ነው፤ ድምፁ ግን የእናትየው ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገራቸው ነው። ድካም ያለበት፣ የደረቀ ድምፅ።

«ደረሰ?»

«ደርሷል፣ እትየ። ውስጥ ነው።»

ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«ብቻውን ነው?»

«አይደለም፤ እኔ አለሁ» አልኳቸው። ዋሽቼ እንዳይሆን ተመልሼ ገባሁና ከላቦራቶሪው በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ነው የጀመረኝ። የወገዳዋ ልጅ ፊቷ ሁሉ መጣልኝ፤ ጠቆር ያለች፣ ጥርሷ ገጠጥ ያለ፣ ስለካት ጣራ ጣራውን ታይ የነበረች። እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ሰው እያየኝ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ።

ይህን የምጽፈው እዚያው ሆኜ ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚመለሰው መኪና አምልጦኛል። ዘበኛው ቅድም መጥተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «ማን ሞቶብሽ ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ማንም አልሞተም አልኳቸው። እስካሁን እውነት ነው።